ቦንድን ወደ ምድር አትመልሱት

የጄምስ ቦንድ ፊልም ወዳጆች በብዙ ነገር አይስማሙም። ሾን ኮነሪ ይበልጣል ወይስ ዳንኤል ክሬግ፣ ከክፉዎቹ መካከል ይበልጥ የሚያስፈራው ማን ነው፣ ከመክፈቻ ዘፈኖቹ የትኛው ተወዳዳሪ የለውም፤ ይህ ሁሉ ለዓመታት ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። በአንድ ጉዳይ ላይ ግን ዳኛው ፈርዶ መዝገቡን የዘጋ ይመስላል። በ1979 የወጣው «ሙንሬከር» የተከታታዩ ማፈሪያ ነው ይባላል (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰላዩ ጠፈር ይወጣል፤ ወታደሮች ከምድር በላይ ተንሳፍፈው በሌዘር ይታኮሳሉ፤ የቬኒስ ጀልባ ከውኃ ወጥታ በአደባባዩ ላይ ትነዳለች፤ የብረት ጥርስ ያለው ግዙፍ ነፍሰ ገዳይ ፍቅር ይይዘዋል። «ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?» ይላሉ ነቃፊዎቹ። ከዚህ ፍርድም አንድ ሕግ አውጥተዋል፦ ቀልድና ትርዒት የቦንድ ሕመም ነው፣ ኮስታራነት መድኃኒቱ ነው፣ ስለዚህ ፊልሙ ባበጠ ቁጥር ወደ ምድር መመለስ አለበት። በ1981 «ፎር ዩር አይስ ኦንሊ» ከሙንሬከር አዳነን፣ በ2006 «ካሲኖ ሮያል» ከ«ዳይ አናዘር ዴይ» አዳነን ይሉናል። ሕጉ በጣም ከመደጋገሙ የተነሣ ማስረጃ የሚጠይቀው ሰው ጠፍቷል። እኔ ግን ሕጉ ከሥሩ ስሕተት ነው እላለሁ። የሙንሬከር ሳቅና ግዝፈት ከቁም ነገር መሸሻ አልነበሩም። ፊልሙ ቁም ነገሩን የተናገረው በእነርሱ ነው፤ ከኋላው የመጡት ኮስታራ ፊልሞች ብዙዎቹ ያንን ያህል መናገር አልቻሉም።

«ወደ ምድር ይመለስ» የሚል ሰው ቦንድ አንድ ዘመን ምድር ላይ ይኖር ነበር ብሎ አስቀድሞ ተቀብሏል። መቼ? ኢያን ፍሌሚንግ በ1958 ባሳተመው «ዶክተር ኖ» ልብ ወለድ ውስጥ ቦንድ ከግዙፍ የባሕር አውሬ ጋር ይታገላል፣ ክፉው ሰው ደግሞ በወፍ ኩስ ክምር ሥር ተቀብሮ ይሞታል። ፊልም ሠሪዎቹ በ1962 መጽሐፉን ወደ ሸራ ሲያመጡ ሁለቱንም ትተዋቸዋል፤ ማለትም የመጀመሪያው ፊልም ከደራሲው ከራሱ የተቆጠበ ነበር። ቀልዱም ያኔውኑ አለ። ከዓመት በፊት፣ በ1961፣ ጎያ የሣለው የዌሊንግተን መስፍን ሥዕል ለንደን ከሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል ተሰርቆ ነበር። ቦንድ በዶክተር ኖ ዋሻ ውስጥ ሲያልፍ ያንኑ ሥዕል ቆሞ አየት ያደርገዋል። ጋዜጣ ያነበበ ተመልካች ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ግን ባዶ አይደለም፤ ክፉው ሰው ዓለም ሁሉ የሚፈልገውን ነገር ግድግዳው ላይ የሚሰቅል ሰው መሆኑን በአንድ እይታ ነገረን፤ አንድ ገጽ ንግግር ቢጻፍለት ይህን ያህል አያስረዳም ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ«ጎልድፊንገር» በባርኔጣ የሚገድል ሎሌና ተሳፋሪውን በጣሪያ የሚያስወነጭፍ መኪና መጡ፤ ያንን ፊልም ደግሞ ነቃፊዎቹ ራሳቸው ከምርጦቹ ተርታ ያስቀምጡታል። በኮነሪ ዘመን ሲሆን ሞገስ የተባለው ነገር በሙንሬከሩ ቦንድ በሮጀር ሙር ዘመን ውርደት የሚባልበት ምክንያት ሊነገረን ይገባል፤ እስከ ዛሬ አልተነገረንም።

የማይመስል ነገር ማየትና መታለል አንድ አይደሉም። የእኛ ተረት አዋቂዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል፤ በዚያች መልስ ከዚህ በኋላ ጅብ ቢናገር፣ ጦጣ ብትፈርድ «ውሸት ነው» ላለማለት ቃል ገብቷል። ቃሉ ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ አድማጩ በማይሆነው ነገር ሊያምን፣ ተራኪውም የማይሆነውን ነገር በወጉ ሊነግረው። የቦንድ ፊልም ከመክፈቻ ዘፈኑ በፊት የሚያሳየው አጭር ትዕይንት ይህንኑ ሥራ ይሠራል። በሙንሬከር መክፈቻ ቦንድ ከአውሮፕላን ያለ ጃንጥላ ተገፍትሮ ይወድቃል፤ በአየር ላይ እየተምዘገዘገ ከፊቱ የዘለለውን አብራሪ ደርሶበት ጃንጥላውን ይቀማዋል። ፊልሙ እዚያው ላይ «እንግዲህ እንዲህ ያለ ታሪክ ነው የምነግራችሁ» ብሎናል። ተመልካቹ በዚያ ከተስማማ በኋላ በአንድ ሰዓት ተኩሉ ላይ ጠፈር መጣብኝ ብሎ መቆጣቱ ፍትሐዊ አይደለም።

ተራኪው የበኩሉን ቃል ጠብቋል ወይ የሚለው ነው እንግዲህ ትክክለኛው ጥያቄ። ያንን የአየር ላይ ትግል የሠሩት እውነተኛ ዘላዮች ናቸው። ጃንጥላቸው በልብሳቸው ሥር እንዳይታይ ተደርጎ ተደበቀ፤ ካሜራማኑ ካሜራውን ራሱ ላይ አስሮ አብሯቸው ይወድቃል፤ ከአንድ ዝላይ የሚገኘው የሚጠቅም ምስል የጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ትዕይንቱን ለመጨረስ 88 ጊዜ መዝለል ግድ ሆነ። በዚያ ምስል ላይ የሚታየው ንፋስ ንፋስ ነው፣ ከታች የሚታየውም ምድር ምድር ነው። ከዚህ በፊት በነበረው በ1977ቱ «ዘ ስፓይ ሁ ላቭድ ሚ» ሪክ ሲልቬስተር በካናዳ ከአስጋርድ ተራራ አፋፍ በበረዶ መንሸራተቻ ወደ ገደል ገብቶ ጃንጥላውን ሲዘረጋም እንዲሁ ነበር። የጠፈሩን ክፍል የሠራው ዴሪክ ሜዲንግስ ጊዜ ስላጠረው ምስሎቹን በኋላ በቤተ ሙከራ ከማጣመር ይልቅ ያንኑ ፊልም እየመለሰ ደጋግሞ ቀረጸበት። አንዷን መንኮራኩር ይቀርጻል፣ ፊልሙን ወደ ኋላ ያጠነጥናል፣ ሁለተኛዋን እዚያው ላይ ይቀርጻል፤ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ቀድሞ የተቀረጸው ሁሉ ይበላሻል። ከሚነሡት መንኮራኩሮች በስተኋላ እንደ ጭስ የሚወርደው ነገር ጨው ነው። ይህ ሥራ ለኦስካር የእይታ ውጤት ሽልማት ታጭቷል፤ የተሸነፈውም በ«ኤሊያን» ነው። እውነተኛይቱ የአሜሪካ መንኮራኩር ኮሎምቢያ ወደ ጠፈር የወጣችው ሚያዝያ 12 ቀን 1981፣ ፊልሙ ከታየ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ማንም ገና ያላየውን ነገር ነበር በእጃቸው የሠሩት። ፊልሙ ሳይንስንም ጨርሶ አልናቀም። የክፉው ሰው የሁጎ ድራክስ የጠፈር ጣቢያ ክብደት የሚፈጥረው በመሽከርከር ነው፤ ቦንድ ሽክርክሪቱን ሲያስቆመው ሁሉም መንሳፈፍ ይጀምራል። መርሑ ትክክል ነው፤ ትግሉም የቆመው በዚያ መርሕ ላይ ነው።

እነዚህን ነገሮች የምዘረዝረው ልፋት ብቻውን ፊልምን ያሳምራል ብዬ አይደለም። የዳይ አናዘር ዴይን ውድቀት ምክንያት ስለሚያሳዩ ነው። ያ የ2002 ፊልም የሚነቀፈው የማይታይ መኪናና የበረዶ ቤተ መንግሥት ስላለበት፣ «ከልክ ስላለፈ» ነው። እኔ ግን ዓይን ራሱ የሚያውቀው ሌላ ጥፋት አለበት እላለሁ። የዚያ ፊልም ቦንድ ፒርስ ብሮስናን በግዙፍ ማዕበል ላይ በጨርቅ እየተሳበ ሲንሸራተት የምናየው ማዕበሉም ሰውየውም የኮምፒውተር ሥዕል ሆነው ነው፤ ክብደት የላቸውም፣ የሚወድቅ አካል የለም፣ ስለዚህ የሚያሰጋ ነገር የለም። የሙንሬከሩ መክፈቻ ከዚያ ያነሰ የማይመስል አይደለም። ልዩነቱ የመጀመሪያው አካል ያለው ግነት መሆኑ፣ ሁለተኛው አካል የሌለው መሆኑ ነው። ነቃፊዎቹ ሁለቱን በአንድ ጆንያ ከተው «ግነት ነው የገደለን» ስላሉ ተከታዮቹ ፊልሞች የተሳሳተ መድኃኒት ዋጡ፤ መጥፎውን ሥራ በጥሩ ሥራ መተካት ሲገባቸው ደስታውን ቀነሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ሙንሬከር ስለ ምንድን ነው? ሰው ፊልሙን ሲያነሣ ቦንድን የምታየውን የቬኒስ ርግብና ጀልባዋን ያስታውሳል እንጂ የሁጎ ድራክስን ዓላማ አያነሣም። ድራክስ ሀብታም ነው፤ መንኮራኩር ያመርታል፤ ከአንድ ብርቅ አበባ ለሰው ብቻ መርዝ የሆነ፣ እንስሳና ዕፅዋትን የማይነካ ጋዝ አስቀምሟል። ሐሳቡ ይህን ጋዝ ከጠፈር እየላከ የሰውን ዘር ሁሉ ማጥፋት፣ ከዚያም በመልክና በአካል መርጦ ጣቢያው ላይ ያስቀመጣቸውን ወንዶችና ሴቶች ወደ ንጽሕቲቱ ምድር አውርዶ አዲስ ዘር መጀመር ነው። ይህ ከየትም የመጣ አይደለም። በፍሌሚንግ የ1955 ልብ ወለድ ድራክስ ራሱን እንግሊዛዊ አስመስሎ የሚኖር፣ ሮኬቱን ለንደን ላይ ያነጣጠረ ናዚ ነው። ፊልሙ ሮኬቱን ወደ መንኮራኩር ቀየረ፤ የናዚዎቹን የተመረጠ ዘር ሕልም ግን አልተወውም፣ እንዲያውም ግልጽ አደረገው። የዚያን ጣቢያና የድራክስን አዳራሾች የነደፈው ኬን አዳም በ1921 በርሊን የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ ቤተሰቡ በ1934 ከሂትለር ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ፣ እርሱም አድጎ ለብሪታንያ አየር ኃይል ተዋጊ አብራሪ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው የነደፈው የንጹሓን ዘር መኖሪያ ባዶ ትርዒት ነው ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። ድራክስን የተጫወተው ማይክል ሎንስዴልም አይጮህም፣ አይስቅም፤ ስለ ሚሊዮኖች ሞት የሚናገረው አበባ እንደሚያጠጣ ሰው በለሰለሰ ድምፅ ነው።

ይህን ክፉ የሚጥለው ማን ነው? ቦንድ በጉልበቱ አይደለም። ፊልሙ እጅግ የተሳቀበትን ሰው፣ የብረት ጥርስ ያለውን ጆውስን፣ ለዚያች ሰዓት አስቀምጦታል። ጆውስ በሁለት ፊልሞች ከገደል ሲወድቅ፣ ቤት ሲናድበት፣ ከፏፏቴ ሲወረወር አቧራውን አራግፎ እየተነሣ አስቆናል። በሪዮ ከፍርስራሽ ውስጥ ዶሊ የምትባል አጭር፣ ባለ መነጽር ልጅ ታወጣዋለች፤ ይተያያሉ፤ ከኋላቸው የቻይኮቭስኪ የፍቅር ዜማ ይነሣል። ነቃፊዎች «ፊልሙ እዚህ ላይ ሞተ» የሚሉት ይህን ነው። ነገር ግን ያ ቀልድ ባይኖር የፊልሙ ፍጻሜ አይኖርም። በጣቢያው ላይ ቦንድ ድራክስን አንድ ነገር ይጠይቀዋል፦ ከመለኪያህ ያነሱ ሁሉ ይጠፋሉ ማለት ነው? ድራክስ ያለ ማመንታት አዎ ይላል። ጆውስ ይሰማል። ዞር ብሎ ዶሊን ያያታል። እርሱ የብረት ጥርስ ያለው አስቀያሚ ግዙፍ ነው፣ እርሷ መነጽር ያደረገች ድንክ ብጤ፤ በአዲሲቱ ዓለም ለሁለቱም ቦታ የለም። ያኔ ወደ ሌላኛው ወገን ይሻገራል። የዘር ምርጫ ሐሳብ የተሸነፈው በስብከት አይደለም፤ ስንስቅበት የነበረው ሰው ሰው መሆኑን ራሱም እኛም ባወቅንበት ቅጽበት ነው። ሳቃችን በዚያች ደቂቃ ይመረመራል፤ ድራክስ ከሚንቃቸው ጋር ነን ወይስ ከሚመርጣቸው ጋር? በሁለት ፊልም አንዲት ቃል ያልተናገረው ጆውስ መናገር የሚጀምረውም ከዚህ በኋላ፣ ከዶሊ ጋር ጽዋ ሲያነሣ ብቻ ነው። ከተከታታዩ ፊልሞች ሁሉ የክፉውን ሐሳብ በዚህ ያህል ጥራት በራሱ ድራማ የመለሰ ሌላ አላውቅም። ያን የመለሰው ደግሞ «ይቆረጥ» የሚባለው የፍቅር ቀልድ ነው።

ቀልድ ስጋትን ይገድላል የሚለው ክርክር ከሁሉም የጠነከረው ስለሆነ በቅጡ ሊመለስለት ይገባል። ተመልካች እየሳቀ አይፈራም፣ ካልፈራ ደግሞ የስለላ ፊልም ምኑ ነው ይባላል። ነገር ግን ያው ሙንሬከር ኮሪን የምትባለውን፣ ቦንድን የረዳችውን ልጅ በድራክስ ውሾች እየታደነች በጫካ ውስጥ ስትሞት ያሳየናል፤ ብርሃን በዛፎቹ መካከል ይገባል፣ ደወል ይሰማል፣ አንድም ቀልድ የለም። ቦንድ ለጠፈርተኞች ልምምድ በተሠራው የሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ሊገደል ሲል ደግሞ ሮጀር ሙር ሲወጣ እግሩ አይጸናም፣ የተዘረጋለትን እጅ ይገፋል፣ ፈገግታው ጠፍቷል። እነዚህ ትዕይንቶች የሚያስደነግጡት ከቀልዱ መካከል ስለመጡ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተኮሳተረ ሰው ቢያዝን ማንም ልዩነቱን አያይም፤ ሲቀልድ የነበረ ሰው ዝም ሲል ነው ቤቱ ሁሉ ዝም የሚለው።

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በ1983ቱ «ኦክቶፐሲ» አለ፤ ያም የሙር ዘመን «ውርደት» እየተባለ የሚጠቀስ ነው፣ ምክንያቱም ቦንድ የሰርከስ ቀልደኛ ልብስ ለብሶ፣ ቀይ አፍንጫ አድርጎ ይታይበታል። እስቲ ትዕይንቱን በሙሉ እንየው። በምዕራብ ጀርመን በአንድ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር ሰርከስ እየታየ ነው፤ በሰርከሱ መድፍ መቀመጫ ውስጥ የኒውክሌር ቦምብ አለ፤ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። ቦንድ ፖሊስ እያሳደደው ስለሆነ ለመግባት የቀልደኛ ልብስ መልበስ ነበረበት። ወደ መድረኩ ሮጦ ስለ ቦምቡ ሲለምን ተመልካቹ ይስቃል፤ ሕፃናት ያጨበጭባሉ፤ ጄኔራሉ ይቆጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቦንድን ማንም አያምነውም፣ ያላመኑትም በልብሱ ምክንያት ነው። በፊልሙ መጀመሪያ ሌላው ሰላይ፣ 009፣ ያንኑ ዓይነት ልብስ እንደለበሰ ተወግቶ ሞቷል፤ ስለዚህ ቦንድ የለበሰው የሟች ጓዱን ልብስ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ስጋት ያለው የቦምብ ማክሸፍ ትዕይንት በተከታታዩ ውስጥ ጥቀሱ ብባል አልችልም። ቀልዱን አውጡት፣ ቦንድን ጥቁር ሱፍ አልብሱት፤ ሽቦ የሚቆርጥ አንድ ተራ ሰው ይቀራል።

በጣም የሚመሰገነው ካሲኖ ሮያልም ይህንኑ ይመሰክራል። እርሱ መልካም ፊልም ነው፤ ከልቤ ነው የምለው። ታስሮ ራቁቱን በገመድ በሚገረፍበት ትዕይንት ቦንድ የሚያሸንፈው በምንድን ነው? በሳቅ። ገራፊውን እያላገጠበት፣ እያሳቀ ነው ያቃጠለው። ቀልድ የፈሪ መደበቂያ ሳይሆን ሌላ መሣሪያ የቀረበት ሰው የመጨረሻ መሣሪያ መሆኑን ያ ፊልም ከሙንሬከር ወርሶ ነው እንጂ ሽሮት አይደለም። ካሲኖ ሮያል ጥሩ የሆነው ኮስታራ ስለሆነ ነው ብለው ያመኑት ሰዎች ግን የሚቀጥሉትን ፊልሞች ያለ ሳቅ ሠሯቸው።

እነዚያ ያለ ሳቅ የተሠሩት ከምድር ጋር ተቀራርበዋል ወይ? አልተቀራረቡም። በ2012ቱ «ስካይፎል» ሲልቫ የተባለው ክፉ ሆን ብሎ ይያዛል፣ ከዚያ በዓመታት በተሸረበ ዕቅድ ያመልጣል፣ ቦንድ አንድ የተወሰነ ዋሻ ውስጥ በሚቆምባት ሰከንድ የምድር ውስጥ ባቡር ይጥልበታል። በ2015ቱ «ስፔክተር» ደግሞ የዓለምን ወንጀል ሁሉ የሚመራው ሰው ቦንድ በልጅነቱ አብሮት ያደገ፣ በቅናት የሕይወቱን ሐዘን ሁሉ የሸረበ ሰው ሆኖ ይገኛል። ይህ ከጠፈር ጣቢያ ያነሰ የማይመስል ነገር ነው የሚል ካለ ይምጣ። ልዩነቱ አንደኛው የማይመስል መሆኑን በፈገግታ ሲነግረን፣ ሌላኛው በደበዘዘ ቀለምና በሐዘን ሙዚቃ ሸፍኖ እንደ እውነት ሊያስውጠን መሞከሩ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ከሙንሬከር ወጥቶ የስለላ ሥራ እንዲህ ነው ብሎ የሚያስብ አንድም ሰው የለም። ከኮስታራዎቹ ግን ተመልካቹ አንድ ነገር ይዞ ይወጣል፦ መንግሥት በድብቅ የሚገድላቸው ሰዎች የሚገባቸው ናቸው፣ ገዳዩም የሚታዘንለት ቁስለኛ ነው የሚል። የደኅንነት መሥሪያ ቤት ስም ሲነሣ ድምፅ ዝቅ በሚደረግበት አገር ያደገ ተመልካች ይህን ሐሳብ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ምሥጢራዊ ኃይልን በተረት ልብስ አልብሶ ማሳየት ሐቀኝነት ነው፤ እንደ እውነተኛ ሕመም አድርጎ ማሳየት ግን ለዚያ ኃይል ጥብቅና መቆም ነው። ነቃፊዎቹ ሙንሬከር ዋሸን ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም ያልዋሸው እርሱ ነው እላለሁ።

ፊልሙ የተሠራው ገንዘብ ለማሳደድ ነው የሚለውም ይነሣል። እውነት ነው። በዘ ስፓይ ሁ ላቭድ ሚ መጨረሻ የሚቀጥለው ፊልም ፎር ዩር አይስ ኦንሊ መሆኑ ተጽፎ ነበር፤ በዚያው ዓመት «ስታር ዋርስ» ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ፕሮዲዩሰሩ ተራውን ቀይሮ ጠፈር ይዞ መጣ። ወጪው ወደ 34 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፣ ከቀዳሚው ፊልም ከእጥፍ በላይ፤ ገቢው በዓለም ዙሪያ 210 ሚሊዮን አካባቢ ሆነ፣ እስከ 1995ቱ «ጎልደን አይ» ድረስ በዶላር ቁጥር የበለጠው ቦንድ አልነበረም። ነገር ግን ዘመኑን መከተል ወንጀል ከሆነ ኮስታራዎቹም ተከሳሽ ናቸው። የ2002ቱ «ቦርን አይደንቲቲ» ገበያውን ከያዘ በኋላ ነው ቦንድም ፊቱን ያጠቆረው፤ በ2008ቱ «ኳንተም ኦቭ ሶላስ» ላይማ የቦርን ፊልሞችን የድርጊት ትዕይንቶች የመራው ዳን ብራድሊ ራሱ ተቀጥሮ ነበር። አንዱን ቅጂ ነጋዴነት፣ ሌላውን ቅጂ ብስለት ብሎ መሰየም ፍርድ አይደለም።

ከ1997ቱ «ኦስቲን ፓወርስ» በኋላ በቦንድ ዓለም መቀለድ አይቻልም የሚሉም አሉ፤ ክሬግም ያንን የመሰለ ነገር ተናግሯል። ግን በቦንድ ላይ የተቀለደው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው? በ1967 «ካሲኖ ሮያል» ራሱ ፒተር ሴለርስና ዴቪድ ኒቨን የተጫወቱበት የለየለት ፌዝ ሆኖ ተሠርቷል። ከዚያ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው ተከታታዩ ትልቁን ሳቁን የሳቀው። ፌዝ የሚጎዳው በራሱ መሳቅ ያቃተውን ነው።

አንድ ክስ ግን በቀላሉ አይታለፍም፤ የሴቶቹ ነገር። የሙንሬከር ጀግና ሴት የሆሊ ሙሉ ስም ጸያፍ ቀልድ ነው፣ የመጨረሻው ትዕይንት ስድ ቀልድ ነው፣ ያ ዛሬ አያስቅም፤ ያኔም ለብዙ ሴቶች አላሳቀም ይሆናል። ይህን አልከላከልም። ይሁን እንጂ ክሱ በቀልድ ዓይነት ላይ እንጂ በቀልድ ላይ አይደለም። ያችው ሆሊ ሳይንቲስት ናት፣ የአሜሪካ ስለላ ሠራተኛ ናት፣ በመጨረሻ መንኮራኩሩን የምታበርረውም እርሷ ናት፤ ቦንድ አጠገቧ ተቀምጦ ይተኩሳል እንጂ አያበርርም። በኮስታራው ስካይፎል ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ለወሲብ የተሸጠች ሴት ቦንድ ፊት በጥይት ስትገደል፣ እርሱ የፈሰሰው ውስኪ እንደሚያሳዝን ይናገራል። የትኛው ፊልም ሴትን ይበልጥ እንዳቃለለ አንባቢ ይፍረድ፤ ኮስታራነት ግን በዚህ ረገድ ማንንም እንዳላዳነ ግልጽ ነው።

ሙንሬከር እንከን የለውም አላልኩም። በቬኒስ አደባባይ ርግቧ አንገቷን ደጋግማ እየመለሰች ቦንድን እንድታይ የተደረገበት ቁራጭ በአርትዖት የተሠራ ርካሽ ቀልድ ነው፤ ከታሪኩ ምንም አይጨምርም። የሌዘሩ ውጊያም ከሚገባው በላይ ይረዝማል። እነዚህ ግን የአንድ ፊልም ጉድለቶች ናቸው፤ ከእነርሱ ተነሥቶ አንድን የፊልም ወግ በሙሉ መኮነን አይቻልም። አንድ ቀልድ ካላሳቀ የተሻለ ቀልድ ይጻፍ።

ጉዳዩ ያለፈ ነገር አይደለም። በ2025 የቦንድ ፊልሞች የፈጠራ ሥልጣን ፊልሞቹን ሲያመርት ከኖረው ከብሮኮሊ ቤተሰብ ወደ አማዞን ኩባንያ ተላልፏል፤ ቀጣዩን ፊልም እንዲሠራም «ዱን»ን የሠራው ዴኒ ቪልኔቭ ተመርጧል። ቪልኔቭ ግዝፈትን ያውቃል፤ ዛሬ አካል ያለው ትርዒት መሥራት ከሚችሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ፊልሞቹ ላይ ግን ሳቅ ብርቅ ነው፤ የቦንድ ወዳጆችም ካሁኑ «ቁም ነገረኛ ቦንድ እናገኛለን» እያሉ ደስ ብሏቸዋል። ይህን የሚመኝ አንባቢ ሁሉ ከመመኘቱ በፊት ሙንሬከርን አንድ ጊዜ ደግሞ ይመልከት፤ ርግቧን ይለፋት፣ ድራክስ ስለ መለኪያው ሲናገር የጆውስን ፊት ይመልከት። ከዚያ በኋላ ያ ፊት ከቦንድ ዓለም ይጥፋ የሚል ከሆነ፣ ምክንያቱን ይናገር።